ለሥራ ቀን የሚሆን ፕሮቲን ያለው መክሰስ፦ እናንተ ምን ትይዛላችሁ?

ቴለሯ

ሰላም ለሁላችሁም። ባንክ ቤት መስኮት ላይ ነው የምሠራው። ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ እበላለሁ። 10 ሰዓት ሲሆን ጉልበቴ ይከዳኛል። ደንበኛ የሚበዛው ደግሞ ያኔ ነው።

ቢሮው በር ላይ የሚሸጠው ሁሉ ሊጥና ዘይት ነው። ቦምቦሊኖ፣ ፓስቲ፣ እርጥብ፣ ቺፕስ። ሲበሉት ይጥማል፣ ግን ሆድ አይዝም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ረሃቡ ብሶበት ይመለሳል።

እስቲ ፕሮቲን ያለው፣ መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሽታው ሰው የማይረብሽ መክሰስ ንገሩኝ። ፍሪጅ የለንም። ቀኑን ሙሉ ብር ስለምነካ በእጅ የሚበላ ነገር ያሳስበኛል። ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፣ ስለዚህ የጾምም የፍስክም ሐሳብ እፈልጋለሁ።

የጎተራ ልጅ

ለውዝ። ሌላ አትፈልጊ። 100 ግራሙ ወደ 25 ግራም ፕሮቲን አለው። የጾም ነው፣ አይበላሽም፣ የትም ይገኛል።

ነርስ ነኝ

ቴለሯ፣ መጀመሪያ ልኩን እንወቅ። ጤነኛ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 0.8 ግራም ፕሮቲን ማግኘት አለበት። 60 ኪሎ የምትመዝኚ ከሆነ 48 ግራም ማለት ነው። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናትና ጠንከር ያለ ስፖርት የሚሠራ ሰው ከዚህ በላይ ይፈልጋሉ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ፕሮቲን አይጨምር።

ይህን ሁሉ ከመክሰስ ማግኘት የለብሽም። ከሽሮው፣ ከምስሩ፣ ከእንጀራውም ይመጣል። መክሰሱ ላይ ከ7 እስከ 15 ግራም ካገኘሽ እስከ እራት በደንብ ይይዝሻል።

የእጁን ነገር በትክክል አስበሻል። ብር ስንት እጅ እንደነካው አይታወቅም። ማንኪያ መሳቢያሽ ውስጥ ይኑር። ቆሎም ቢሆን በማንኪያ ይበላል። ዕረፍት ካገኘሽ ደግሞ በሳሙና መታጠብን የሚተካ ነገር የለም።

ሰባተኛ ክፍል መምህር

እኔ የገብስ ቆሎ እይዛለሁ። ተማሪ ሲፈተን ቆሜ ስዞር እቆረጥማለሁ። እሱ ፕሮቲን የለውም እንዴ?

የመርካቶዋ

መምህር፣ አለው። ግን ገብስ እህል ነው። 100 ግራሙ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ10 እስከ 12 ግራም ነው። ሽምብራ ወደ 20 ይጠጋል፣ ባቄላ ወደ 26። ቆሎ ስንል ሁሉንም በአንድ ስም ስለምንጠራው አንድ ዓይነት ምግብ ይመስለናል። ዳቦ ቆሎም በዚሁ ስም ይጠራል፣ እሱ ግን የስንዴ ዱቄት ነው።

ገብሱን ተው ማለቴ አይደለም። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ክፍሎች የተሠራ ነው። የገብስ ፕሮቲን ከእነሱ ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል። ሽምብራ ላይሲን ሞልቶታል፣ የሚያንሰው ሜቲዮኒን የሚባለው ሌላው አሚኖ አሲድ ነው። ሲቀላቀሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ድሮም ገብሱ ላይ ሽምብራ፣ ሱፍና ለውዝ ጣል ይደረግበት የነበረው በከንቱ አይደለም። አሁን ከሱቅ የሚገዛው ቆሎ ውስጥ ግን ገብሱ በዝቶ ሽምብራው በፍለጋ ነው የሚገኘው። እኔ ገብሱን ከሱቅ እገዛና ሽምብራውን ራሴ ቆልቼ እኩል በእኩል እቀላቅላለሁ።

ቆሎ ቤት መቁላት ለሚፈልግ አሠራሩ ይኸው። ሽምብራውን ልቀሙት፣ እጠቡት። ማታ ጨው ባለበት ውኃ ዘፍዝፉት። ጨው ከላይ ቢነሰነስ ይረግፋል። ሲዘፈዘፍ ግን ውስጡ ይገባል። ጠዋት አጥልላችሁ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስጡት። ላዩ እስኪደርቅ ጠብቁ። እርጥቡን ምጣድ ላይ ከጣላችሁት ላዩ ያርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ብረት ምጣዱን አግሉና እሳቱን መካከለኛ አድርጉ። ሳታቋርጡ አማስሉ። መጀመሪያ እንፋሎቱ ይወጣል፣ ቀጥሎ ቅርፊቱ መሰነጣጠቅ ይጀምራል። ድምፁም ይለወጣል። እርጥብ እያለ ምጣዱ ላይ ደፍ ደፍ ይላል፣ ሲደርስ እንደ ጠጠር ይንኳኳል። አንዱን አውጥታችሁ አቀዝቅዙና ቅመሱ። ትኩሱን ብትቀምሱት ለስላሳ ስለሚሆን ያልደረሰ ይመስላል።

ሌላው ቁም ነገር ማቀዝቀዙ ነው። ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ዕቃ ውስጥ አትክደኑት። እንፋሎቱ ይታፈንና ቆሎው ይለሰልሳል። በደንብ ቀዝቅዞ በደረቅ የመስታወት ዕቃ ከተቀመጠ ሳምንታት ይቆያል።

ታክሲ ሹፌር

የመርካቶዋ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬውኑ ለባለቤቴ አነበብኩላት።

እኔ የፍስክ ቀን ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ይዤ ነው የምወጣው። ጨውና ሚጥሚጣ በወረቀት ጠቅልዬ። ጠዋት 12 ሰዓት እወጣለሁ፣ ወረፋ ስጠብቅ 4 ሰዓት ላይ እበላዋለሁ። ቀላል ነው፣ ሆድ ይይዛል። ግን መኪናው ውስጥ ሲሞቅ አንዳንዴ ሽታው ይለወጥብኛል። ችግር አለው?

ነርስ ነኝ

አለው፣ ወንድሜ። የተቀቀለ እንቁላል ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመረጣል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ደግሞ አንድ ሰዓትም ይበዛበታል። ሽታው የተለወጠውን ጣሉት። ከቤት ስትወጡ 12 ሰዓት ከሆነ ቢያንስ 2 ሰዓት ሳይሞላ ብሉት። በትንሽ የበረዶ ቦርሳ ከያዛችሁት እስከ 4 ሰዓት ይቆይላችኋል። ልጣጩንም እስክትበሉት ድረስ አትላጡት።

አንድ መካከለኛ እንቁላል ወደ 6 ግራም ፕሮቲን አለው። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አነስ ስለሚል ትንሽ ይቀንሳል። ሁለቱን ስትበሉ 10 ግራም አለፋችሁ ማለት ነው።

የጎተራ ልጅ

ለውዝ ብዬ ነበር እኮ። ፍሪጅም በረዶም አይፈልግም።

ሒሳብ ሠራተኛ

ለውዝ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። 100 ግራም ለውዝ ወደ 570 ካሎሪ አለው። እኔ ቢሮ ውስጥ ከረጢቱን ከፍቼ ኮምፒውተር እያየሁ ስበላ መጠኑ አይታወቀኝም። አሁን አንድ ጭብጥ፣ ማለትም 30 ግራም ገደማ፣ ቤት ውስጥ ለክቼ በትንንሽ ላስቲክ እቋጥራለሁ። አንዷ ቋጠሮ 7 ግራም ያህል ፕሮቲን አላት። ከረጢቱ ቤት ይቀራል።

ሌላው ምርጫዬ የለውዝ ሻይ ነው። ሁለት ሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ ትኩስ ውኃ ውስጥ በጥብጬ በትንሽ ፔርሙዝ እይዛለሁ። እሱም ወደ 7 ግራም ይሰጣል። ቴለሯ፣ ላንቺ ጥሩ ይመስለኛል። እጅ አይነካውም፣ ደንበኛ ፊት ማኘክም የለም። የለውዝ ቅቤውን ስትገዢ ግን ጀርባውን አንብቢ። ለውዝና ጨው ብቻ ያለበት አለ፣ ስኳርና ሌላ ዘይት የተጨመረበትም አለ።

የሐረርጌ ልጅ

ለውዝ በሚበቅልበት አገር ስላደግሁ ስለ አመራረጡ ልናገር። ለውዝ በቶሎ ካልደረቀ ወይም እርጥበት ቦታ ከተቀመጠ ይሻግታል። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል። መርዙ ጉበት ይጎዳል፣ ሲቆላም አይጠፋም። ስለዚህ የተጨማደደ፣ የጠቆረ፣ ሲቀመስ የሚመር ፍሬ ካያችሁ ልቀሙና ጣሉ። "አንድ ፍሬ ምን ታደርጋለች" አትበሉ። የተፈጨ ወይም በቅመም የተለወሰ ለውዝ ጥፋቱን ስለሚሸፍን እኔ ሁልጊዜ ፍሬውን ገዝቼ ራሴ ነው የማስቆላው። ቤት ውስጥም አየር በሚያገኝ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ

ከአሜሪካ ነው የምጽፈው። ሆስፒታል ውስጥ የ12 ሰዓት ፈረቃ ነው የምሠራው። እዚህ ደግሞ ችግሩ ምርጫ መብዛቱ ነው። ፕሮቲን የሚል ጽሑፍ ያልተለጠፈበት ነገር የለም፤ ኩኪሱም ቺፕሱም ፕሮቲን ይላል። እኔ ከፊት ያለውን ትቼ ጀርባውን ነው የማነበው። ፕሮቲኑ ስንት ነው? የተጨመረው ስኳር ስንት ነው? ደግሞ ለስንት ሰው ነው? አንድ ከረጢት የሚመስለው አንዳንዴ የሁለት ሰው ተብሎ ይቆጠራል፣ ቁጥሩም የግማሹ ብቻ ነው።

የግሪክ እርጎ የሚባለው፣ ስኳር የሌለበት 170 ግራሙ ዕቃ፣ ከ15 ግራም በላይ ፕሮቲን አለው። ውኃው ስለተጠለለ ከተራው እርጎ ይበልጣል። የፍስክ ቀን እሱን እይዛለሁ። በጾም ኤዳማሜ የሚሉትን ያልደረቀ አኩሪ አተር ከነቅርፊቱ ቀቅዬ ጨው እነሰንስበታለሁ። እሸት ባቄላን ያስታውሰኛል። የተቆላ ሽምብራም እዚህ በትንንሽ ከረጢት ይሸጣል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። የደረቀውን ሽምብራ ገዝቶ ቤት መቁላት በጣም ያዋጣል።

ቋንጣ ከአገር ቤት ለማምጣት የምታስቡ፣ ተዉት። ሥጋ ስለሆነ ጉምሩክ ይወስደዋል።

ሒሳብ ሠራተኛ

ስለ ቋንጣ ካነሳን፣ አዲስ አበባ ላለነው ለፍስክ ቀን መክሰስ ይሆናል? ደረቅ ስለሆነ መሳቢያ ውስጥ ይቆያል ብዬ ነው።

ነርስ ነኝ

ይሆናል። በደንብ የደረቀ ቋንጣ 30 ግራሙ ከ10 ግራም በላይ ፕሮቲን ይሰጣል። ግን መድረቁ ብቻ አይበቃም። የኮሶ ትል እንዳያጋጥም በደንብ መጠበስ አለበት። ጨውም ይበዛበታል፣ ደም ግፊት ያለበት ሰው ያስብበት። ለመክሰስ ከሆነ በርበሬውን ቀነስ አድርጋችሁ፣ ያለ ቅቤ እስኪንኮሻኮሽ ድረስ ብትጠብሱት እጅም አያቀባም።

የነታንያዋ

ከእስራኤል ሰላምታ። ፋብሪካ ነው የምሠራው። እዚህ ኮቴጅ የሚሉት አይብ አለ፣ ከእኛ አይብ ጋር ይቀራረባል፣ ግን ረጠብ ያለና ፍሬ ፍሬ ነው። 100 ግራሙ 11 ግራም ፕሮቲን አለው። አንዷ ዕቃ 250 ግራም ናት። ሰው ምን ያህል እንደሚወዳት ለማወቅ፣ በ2011 ዋጋዋ ሲጨምር አገሩ በሙሉ አልገዛም ብሎ ተነሥቶ ነበር። ግማሿን በዱባ ፍሬና በዱቄት ቃሪያ እበላታለሁ፣ ግማሿ ለነገ። ፍሪጅ ግን የግድ ነው። ቴለሯ ጋ ፍሪጅ ስለሌለ ላንቺ አይሆንሽም፣ ለሌሎች ነው።

የዳንግላው

ሁላችሁም አንድ ነገር ረስታችኋል። ግብጦ የሚባለው ጥራጥሬ! ጎጃም ያደገ ሰው ያውቀዋል። የደረቀው ፍሬ 100 ግራም ውስጥ ወደ 36 ግራም ፕሮቲን አለው። ከለውዝም ከባቄላም ይበልጣል። ስታርች የሚባለው ነገር ብዙም የለበትም።

ታዲያ ለምን ከተማ ውስጥ አልተለመደም? መራራ ነው። መራራነቱም ጣዕም ብቻ አይደለም። አልካሎይድ የሚባል መርዝ ነው፣ ሳይወጣ ከተበላ ሰው ያማል። ስለዚህ ሥራ አለው። በመጀመሪያ ይቆላል። ከዚያ ይዘፈዘፋል፣ ውኃው በየቀኑ እየተቀየረ ለቀናት ይቆያል። ገጠር ውስጥ ጆንያ ውስጥ አስረው ወራጅ ወንዝ ላይ ነው የሚያኖሩት። ውኃው ሲያልፍበት ምሬቱን እየወሰደ ይሄዳል። እናቴ በየቀኑ አንድ ፍሬ አውጥታ በጥርሷ ሰበር አድርጋ ትቀምሳለች። ምላስ ጫፍ ላይ ትንሽ እንኳ መረር ካለ ይመለሳል። ምሬቱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ በኋላ ነው ልጣጩ ተልጦ በጨው የሚበላው። ያኔ ቢጫ፣ ወፍራም፣ ከአፍ ውስጥ ለስለስ የሚል ነው። አንድ ኩባያ በልቶ ወደ እርሻ የወጣ ሰው እስከ ምሳ አይርበውም።

እኔ አሁን አዲስ አበባ ሆኜ ከአገር ቤት የተዘጋጀውን ነው የማስመጣው። የረጠበው ቶሎ ስለሚበላሽ ፀሐይ ላይ መልሼ አደርቀዋለሁ። ለጾም ቀን ከዚህ የተሻለ አላገኘሁም። አዘገጃጀቱን የማያውቅ ሰው ግን ጥሬውን ገዝቶ እንዳይሞክር አደራ።

ነርስ ነኝ

የዳንግላው፣ ጥሩ አስታወስክ። የለውዝ አለርጂ ያለበት ሰው ግብጦም ሊያስነሣበት ስለሚችል ይጠንቀቅ።

ሰባተኛ ክፍል መምህር

ስለ መርዝ ከተነሣ፣ ጓያስ? መንገድ ላይ የገዛሁት ቆሎ ውስጥ ጓያ የሚመስል ፍሬ አየሁ። ጠፍጠፍ ያለ፣ ማዕዘን ያለው።

የመርካቶዋ

ጓያ መልኩ እንዳልከው ነው። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ቆሎና ሽሮ ውስጥ የሚቀላቅሉ አሉ። ጥቂት ፍሬ ብትበላ አትደንግጥ። እግር የሚያሰናክለው በረሃብ ዘመን እንደሆነው ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ነው። ግን በየቀኑ ለሚበላ መክሰስ ለምን ብለህ? ምን እንደገባበት የምታውቀውን ብላ። እህሉን ገዝቶ ማስቆላት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

የጂም ሰው

እኔ ፕሮቲን ፓውደር እጠጣለሁ፣ አንድ ማንኪያው ወደ 24 ግራም ነው። ቢሮ ውስጥ ውኃ ጨምሮ መነቅነቅ ብቻ ነው። ማንም አላነሣውም።

ሒሳብ ሠራተኛ

ለአንተ ይሠራ ይሆናል፣ ከባድ ብረት ነው የምታነሣው። እዚህ ያለነው ብዙዎቻችን ወንበር ላይ ነው የምንውለው። በአንድ ቆርቆሮ ዋጋ ለወራት የሚበቃ ሽምብራ፣ ባቄላና ለውዝ ይገዛል። የፍስክ መሆኑንም አትርሳ፣ አብዛኛው ከወተት ነው የሚሠራው። ከገዛህ ደግሞ እሽጉ ያልተነካና ቀኑ ያላለፈ መሆኑን እይ።

ጡረታ የቀረበ

ልጆቼ፣ ሁሉም ደረቅ ነገር ሆነ። ጥርስ የሌለውስ? 58 ዓመቴ ነው፣ ቆሎ መቆርጠም ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

የመርካቶዋ

አባቴ፣ ለእርስዎ የሽምብራ ወይም የባቄላ ንፍሮ ይሻላል። ማታ ዘፍዝፈው፣ የዘፈዘፉበትን ውኃ ይድፉና በአዲስ ውኃ እስኪለሰልስ ይቀቅሉት። ውኃውን መድፋት ሆድ መንፋቱንም ይቀንሳል። በሽንኩርት፣ በቃሪያና በሎሚ ለውሰው በምሳ ዕቃ ይያዙት። 100 ግራም ንፍሮ 8 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይሰጣል። አዚፋም ይሆናል፣ ምስሩ ለስላሳ ነው፣ ሰናፍጩ አፍ ይከፍታል። ሁለቱም ግን እርጥብ ስለሆኑ ከፍሪጅ ውጭ ብዙ አይቆዩም። ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ለመብላት ያስቧቸው፣ እስከ 10 ሰዓት አያቆዩዋቸው።

ነርስ ነኝ

እዚህ ላይ ስለ ቡና አንድ ነገር። ሽምብራና ምስር ውስጥ ብረት የሚባለው ንጥረ ነገርም አለ። ቡናና ሻይ አብሮ ሲጠጣ ሰውነት ብረቱን በደንብ አይወስደውም። በተለይ ደም ማነስ ያለባችሁ ሴቶች፣ መክሰሱን በልታችሁ ቡናውን አንድ ሰዓት ያህል አዘግዩት። ሎሚ ደግሞ በተቃራኒው ያግዛል።

ቴለሯ

እናንተ ባትኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር! እሑድ ሽምብራ እቆላለሁ፤ ረቡዕና ዓርብ በማንኪያ፣ ሌላው ቀን ከለውዝ ሻይ ጋር። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። መሥሪያ ቤት ልጆች ዳቦ ቆሎ በጣም ይወዳሉ፣ እኔም። ዳቦ ቆሎን ፕሮቲን እንዲኖረው ማድረግ አይቻልም?

የመርካቶዋ

ይቻላል፣ እኔ እንዲያ ነው የምሠራው። ከስንዴው ዱቄት ግማሹን በሽምብራ ዱቄት ተኪው። የሽሮ ዱቄት አይደለም፣ ቅመም የሌለበት ተራ የሽምብራ ዱቄት። ጨው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ በርበሬ ከወደድሽ ትንሽ፣ ለጾም እንዲሆን ዘይት። ሊጡን ጠንከር አድርጊው። የሽምብራ ሊጥ እንደ ስንዴው አይለጠጥም፣ ስለዚህ ስታድቦለቡዪው እንዳይሰበር በጣም አታቅጥኚው። ቆራርጠሽ ምጣድ ላይ አድርጊና እያገላበጥሽ አማስዪ። የሽምብራ ዱቄት ቶሎ ይጠቁራል። ከተለመደው ዳቦ ቆሎ ይልቅ እሳቱን ቀንሺ፣ ጊዜውን ጨምሪ።